ከድድ በታች

እትዬ ሙሉዬ ረቡዕ ማታ ከጓዳው በር ጀርባ ቆመው፣ ሰገነት በስልክ ስታወራ የሰሙት ይህን ያህል ነው። "ነገ እጥበት እጀምራለሁ፣ ዳይሬክተር። አዎ፣ እጥበት። አንዴ ከተጀመረ ማቋረጥ የለም ብላኛለች ሐኪሟ። አራት ጊዜ መመላለስ አለብኝ፤ አለዚያ አይተርፍም ነው የምትለው።" የማይተርፈው ምን እንደሆነ በስልኩ ወሬ ውስጥ አልተነገረም፤ እሳቸውም ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ፣ ወዲያው ደግሞ ተነሡ። የሰገነት ባል የፈቃዱ ታላቅ እህት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከወንድማቸው ጋር በአንድ ግቢ ይኖራሉ። ወንድምየው የመብራት መስመር ዝርጋታ ሠራተኛ ስለሆነና ሰሞኑን ኔትወርክ በማይደርስበት ቆላ ስለከረመ፣ ይህን የመሰለ ጉድ ለእሱ መንገር አልተቻለም። ለሌላ ሰው መንገር ግን ይቻላል። እትዬ ሙሉዬ ምስጢር ጠባቂ ነኝ ይላሉ፤ ውሸትም አይደለም፤ የሰሙትን በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ ነግረው አያውቁም። አንዱ ሰው ሲሄድ ሌላ አንድ ሰው መምጣቱ የእሳቸው ጥፋት አይደለም።

እጥበት የሚባለውን ቃል የደብረ ማርቆስ ሰው ዛሬ ዛሬ የሚያውቀው በአንድ መንገድ ነው። ድምፅ ማጉያ የተጫነባት ሚኒባስ ዋናውን አስፋልት ይዛ እያዘገመች፣ ጎኗ ላይ በተወጠረው ሸራ የአንድ ምስኪን ፎቶ ታትሞ፣ "በእጥበት ላይ የሚገኘውን ወንድማችንን" እያለች ስትለምን ያልሰማ ጆሮ የለም። ልብስም ይታጠባል፣ መኪናም ይታጠባል፤ ማንም ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እጥበት ብቻ ካለ ግን ኩላሊት ነው። ሰገነት ይህን አታውቅም ማለት አይቻልም። የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት፤ ቃል እንጀራዋ ነው። "ጥርሴን ልታከም ነው" ብትል ዳይሬክተሩ "ጥርስማ ቅዳሜም ይታከማል" እንደሚላት ስለምታውቅ፣ ቃሉን ያለ ባለቤቱ ለብቻው ለቀቀችው። ሰውየውም "አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ትልቅ ነው" ብሎ ሳያንገራግር ፈቀደላት። በዚህ ቸርነቱ ትንሽ ክው ብላ ነበር፤ ነገር ግን አላረመችውም። ሌላ ጊዜ የተማሪ ስህተት ዓይኗ እያየ አያልፍም።

ክሊኒኩ የሚገኘው ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው የቆርቆሮና የቀለም ሽታ አለው፤ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ስድስት የፕላስቲክ ወንበር፣ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥንና አንድ ትልቅ የፕላስተር ጥርስ አለ። የእጥበት ዋጋ በሩ ላይ በትልቁ ተለጥፏል፤ ከሥሩ "የድድ ሕክምና" የሚለው ፊት ለፊት ግን ቁጥር የለም፤ "ሐኪም ያናግሩ" ይላል ብቻ። ሰገነት በየዓመቱ ጥምቀት ሲቃረብ ጥርሷን የምታሳጥብ ሴት ናት። አንድ ጊዜ እዚህ፣ አንድ ጊዜ እዚያ፣ የቀናት ቦታ ታሳጥባለች፤ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ሰውም ያመሰግነዋል። ድዷ ደግሞ በልጅነቷ በትውልድ ቀዬዋ በአምበር የተነቀሰ ነው፤ እናቷ ይዛት፣ ነቃሿ በመርፌ ወግታ፣ እንደ ወይን ፍሬ ጠቁሮ የቀረ። ነጭ ጥርስ በጥቁር ድድ ላይ ምን ያህል እንደሚያምር ለአምበር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከሁለት ሳምንት በፊት ለተለመደው እጥበት ስትመጣ ግን ዶክተር ሀይማኖት የምትባለው ወጣት ሐኪም በቀጭን መለኪያ ድዷን ዙሪያውን ወጋ ወጋ አደረገችና ጓንቷን አወለቀች።

"እጥበት አይደለም የሚያስፈልግዎት፣ ቲቸር። ሕክምና ነው" አለቻት። "እጥበት ለጤነኛ ድድ ነው፤ ከላይ የሚታየውን ያነሣል። የእርስዎ ቆሻሻ ከድድ በታች ወርዶ ደንድኗል፣ አጥንቱን እየበላው ነው። ንቅሳቱ ደግሞ ቅላቱን ደብቆታል። ላይ ላዩን ባጥብልዎት ደስ ብሎዎት ይሄዳሉ፤ ጥርሱ ግን ነጭ እንደሆነ ይወልቃል።" ከታች ያሉትን አራት የፊት ጥርሶች በጣቷ ጫፍ ነካ ስታደርጋቸው ንቅንቅ አሉ። ሰገነት ያን ዕለት ደረጃውን ስትወርድ ያሰበችው ተማሪዎቿን ነበር። ልጆቿ ፊደል የሚቆጥሩት ሰሌዳውን ሳይሆን አፏን እያዩ ነው።

ዛሬ ሐሙስ ጠዋት የሕክምናው መጀመሪያ ነበር። ዶክተሯ ማደንዘዣውን ከመውጋቷ በፊት ጥያቄ አበዛችባት። መድማት የጀመረው መቼ ነው? ስድስት ዓመት ይሆነዋል፣ የመጨረሻ ልጄን ፀደንያን ሳረግዝ። እናትዎ ጥርሳቸውን ቀድመው አጥተው ነበር? አዎ፣ ሽበት ሳያወጡ። ወንድም ወይም እህት አለዎት? አንድ ወንድም አለኝ፣ አምበር። "እሱም ቢታይ ጥሩ ነው፤ ይኼ ነገር በቤተሰብ ይሄዳል። ይነጋገራሉ?" ሰገነት ከአንገት በላይ እንነጋገራለን ብላ መለሰች፤ ሐኪሟም አንገቷን የሚያማት መስሏት መብራቱን አስተካከለችላት። መርፌው ሲገባ ሰገነት ዓይኗን ጨፈነች። የምታስበው ግን ስለ መርፌው አልነበረም።

ወንድሟ አድማሴ በሁለት ዓመት ይበልጣታል። እናታቸው ያረፈች ጊዜ ሰገነት የፀደንያ አራስ ነበረች፤ ለአራስ መርዶ አይነገራትም፤ ወተቷ ይደርቃል፣ ትደነግጣለች፣ ይባላል። ስለዚህ አልተነገራትም። ከአምበር ደብረ ማርቆስ ይህን ያህል የሚያራርቅ መንገድ ሳይሆን፣ እናቷ ታማ፣ ሞታ፣ ተቀብራ፣ አርባዋ ወጥቶ፣ ሰገነት አልጋ ላይ ሆና ገንፎ ትበላ ነበር። ሰዎቹ እየሳቁ ይገባሉ፣ እየሳቁ ይወጣሉ። "እማዬ ለምን አትመጣም?" ስትል "ጉንፋን ይዟት ነው፣ ለሕፃን አይበጅም" ይሏታል። ሰማንያው ቀን ሞልቶ ልጅቱ ክርስትና በተነሣች ማግሥት ጎሕ ሲቀድ አድማሴ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ አረዳት። ሁሉም ሰው አድማሴ ደግ አደረገ አለ፤ ወጉም ከእሱ ጋር ነበር። ሰገነት ግን ከዚያ ወዲህ ከወንድሟ አንድ ቃል ትጠብቃለች፤ አጠፋሁ የሚል። ቃሉ አልመጣም። በየዓመት በዓሉ ይደዋወላሉ፣ ጤና ይጠያየቃሉ፣ ዝናብ ዘነበ አልዘነበ ይባባላሉ፣ ይዘጉታል።

ከክሊኒኩ ስትወጣ የታችኛው ከንፈሯ፣ አንድ ጉንጯ፣ አገጯና ምላሷ የእሷ አልነበሩም። ዶክተሯ ማዘዣዋን ደጋግማ ነግራታለች፦ ማደንዘዣው እስኪለቅ ምንም አይብሉ፣ ምላስዎን ይነክሱታል፤ ብዙ አያውሩ፤ ሲለቅ ሕመም ይኖረዋል፤ ሞቅ ባለ ውኃ ጨው አድርገው ይጉመጥመጡ። ባጃጁ በር ላይ ሲያወርዳት መጀመሪያ ያየችው የዕድሩን ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ነው፤ ግቢው ውስጥ ፊት ለፊት ተሰልፈዋል። የዕድር አግዳሚ በሰው ግቢ የሚገባው ለምን እንደሆነ የታወቀ ነው። ባሏ ፈቃዱ ከመብራት ምሰሶ ላይ ሲወድቅ ታያት፤ ልጮህ ስትል አፏ ለግማሽ ጩኸት እንኳ አልታዘዝ አላት። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ግን እሷን ሲያዩ ብድግ ብለው፣ እንባቸውን ጠራርገው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳቁ።

ይህን ሳቅ ታውቀዋለች። ሰማንያ ቀን ሙሉ የበላችው ነው። "እንኳን ደህና መጣሽ! እንዴት አምሮብሻል እባክሽ!" አሉ ወይዘሮ ዘመናይ፣ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ፣ ግማሽ ፊቷ ለተንጋደደና ነጠላዋ ላይ የደም ጠብታ ላለ ሴት። እትዬ ሙሉዬ በብብቷ ገብተው ደግፈው ወደ ቤት አስገቧት፤ እግሯ ደህና ነው፣ እሳቸው ግን የተሰበረ ያህል ደገፉት። ፀደንያን ጎረቤት ልከዋታል። ሳሎኑ ተጠርጓል፣ ሶፋው ላይ ትራስና ብርድ ልብስ ተደርጓል፤ ከሶፋው ማዶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ጠበል የሞላ ጀሪካን በእግሩ መካከል ይዞ የተቀመጠው አድማሴ ነበር። መርዶውን ካረዳት ወዲህ ይህን ቤት ረግጦት አያውቅም።

ተነሥቶ ሳማት። ጢሙን ጉንጯ ላይ ማየቷን እንጂ መነካቷን አላወቀችም። "እታለም" አላት። ይህንንም ስም ከእናታቸው ሞት ወዲህ ጠርቷት አያውቅም። ከዚያ ፊቱን ወደ እትዬ ሙሉዬ አዞረና በሹክሹክታ፣ ግን አምበር በሚሰማ ሹክሹክታ፣ "ከሁለቱ ኩላሊት የትኛው ነው የሞተባት?" ሲል ጠየቀ። ነገሩ ያኔ ገባት። የረቡዕ ማታው ስልክ፣ የዳይሬክተሩ አይዞሽ፣ አግዳሚው፣ ሳቁ፣ ሁሉም ተሰካካ። ሳቅ አፈናት፤ ሳቁም በተንጋደደ አፍ ሲወጣ ሲቃ መሰለ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ያዙ። "ኩላሊት አይደለም" ልትል ሞከረች። ከዓረፍተ ነገሩ ተርፎ የወጣው "…አይደለ…" የምትለው ብቻ ነበረች። "ደህና አይደለሁም አለች!" ብለው እትዬ ሙሉዬ ተረጎሙ። ምሳ ቀረበላት፤ ራሷን ነቅንቃ እምቢ አለች። "የምግብ ፍላጎት ጠፍቷል" አሉ ወይዘሮ ዘመናይ፣ ከዚህ በፊት አንድ የታመመ ዘመድ ስላስታመሙ ሁሉን ያውቃሉ። ቀጥሎ ስለ ሸራው ተወራ። ለሚኒባሱ የሚሆን ፎቶ ተመርጧል፤ የምረቃዋ ነው፣ ጥርሷን ገልጣ የሳቀችበት። የሳቀ ሰው ያሳዝናል ወይስ አያሳዝንም በሚለው ላይ ሴቶቹ አልተስማሙም።

ሰገነት ጠረጴዛው ላይ ከተከመሩት የተማሪ ደብተሮች አንዱን ስባ፣ እስክሪብቶ አንሥታ ልትጽፍላቸው ጎንበስ አለች። ድድ የሚለውን ቃል ለመጻፍ ሁለት ፊደል ይበቃል። ይህኔ አድማሴ ሴቶቹን "እስቲ ትንሽ ከእህቴ ጋር" አላቸው፤ ወጡ። እትዬ ሙሉዬ የወጡት እስከ ጓዳው በር ድረስ ነው።

"እኔ ሁለት አለኝ፣ እታለም" አለ። "እትዬ ሙሉዬ ሌሊት ሲደውሉልኝ ያሰብኩት እሱን ነው። በሬ ነጠላውን አያርስም፤ ኩላሊት ግን ነጠላውም ያርሳል ይላሉ። አንዱን ላንቺ። ተነጋግሮ አልቋል፤ ለሚስቴም ነግሬያታለሁ።" እስክሪብቶው እጇ ላይ ቀረ። ይህ ሰው መርፌ ይፈራል፤ በልጅነታቸው የክትባት መኪና ሲመጣ ጎተራ ውስጥ ይደበቅ የነበረው እሱ ነው። ሰገነት አለቀሰች፤ እንባዋ እውነተኛ ነበር፣ ግማሹ ብቻ ጉንጯ ላይ ተሰማት። "ያኔ" አለ፣ ጀሪካኑን እያየ። "እማዬ ያረፈች ጊዜ፣ አንቺ ሳትደርሺ ቀረሽ።" ሳትደርሺ ቀረሽ! መኪና ያመለጣት ይመስል። "ለአንቺው ብዬ ነው። ወተቷ ይደርቃል፣ ልትሞትብህ ነው አሉኝ። አንዳንዴ ሌሊት ሳስበው…" ሰገነት ደብተሩን ከደነች። ቃሉ እየመጣ ነበር፤ ጉሮሮው ላይ ሲወጣ ሲወርድ ታየዋለች። አሁን ድድ ብላ ብትጽፍ፣ ይህ ሰው ይስቃል፣ ባርኔጣውን ያደርጋል፣ ይሄዳል፤ ቃሉም ከእሱ ጋር አምበር ይገባል። "…እና ይኸው አሁን መጣሁ" ብሎ ጨረሰ አድማሴ። ተነፈሰ። ያሰበውን ሁሉ የተናገረ ሰው አተነፋፈስ ነበር።

ጠበቀች። እትዬ ሙሉዬ ጠበል በብርጭቆ አምጥተው አጠጧት፤ ግማሹ በአገጯ ፈሰሰ። አድማሴ ስለ ዘንድሮው ጤፍ አወራ፣ ስለ ማዳበሪያ ውድነት አወራ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ እንደገና ስለ ጤፍ አወራ። ሰዓቱ ስምንት አልፎ ወደ ዘጠኝ ሲጠጋ የምላሷ ጫፍ ይበላት ጀመር፤ ከንፈሯ ቀስ በቀስ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና ከሥሩ ለራሷ ብቻ ሞከረችው፤ መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ። ጥርት ብሎ ይወጣል። ይህኔ መናገር ትችል ነበር። አልተናገረችም። ትንሽ ይረጋጋ፣ ቡናውን ይጠጣ፣ እንዲህ ደክሞት ሳለ ባስደነግጠው ጥሩ አይደለም፣ ብትነግረውም ቀስ ብላ ነው፣ እያለች ምክንያት ስትደረድር ቆየች። ለሌላው አስቦ የሚደብቅ ሰው ምክንያት አያጣም። አንድ ጊዜ ደግሞ "እህ" ብሎ ጉሮሮውን ሲጠርግ መጣ ብላ ቀና አለች፤ የጠየቀው ግን ሚኒባስ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚገኝ ነበር።

ከዚያ አመሻሹ ላይ ሕመሙ መጣ። ሐኪሟ አልዋሸቻትም፤ የታችኛው መንጋጋዋ ላይ እሳት የተጫረ መሰላት። ብርድ ልብሱን ገፍፋ ወደ ጓዳ ገባች፤ ውኃ አሞቀች፣ የጨው ዕቃውን ፈለገች። የለም። ከመደርደሪያው ላይ የለም፣ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ የለም፣ ከበርበሬው ዕቃ ጀርባ የለም። እትዬ ሙሉዬ ኮረጆ ደረታቸው ላይ አቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ምን ፈልገሽ ነው? ጨው ነው? በዚህ ኩላሊትሽ?" አሉ፤ ኮረጆውን ይበልጥ እያጠበቁ። "አንዲት ቅንጣት እቤት ውስጥ እንዳትገኝ ሐኪም ያዘዘው ነው!"

"ጨዉን ያምጡት፣ እትዬ ሙሉዬ። ለድዴ ነው።"

ከግማሽ ቀን ዝምታ በኋላ እንዲህ ጥርት ብሎ የወጣ ድምፅ ቤቱን አናወጠው። ሴቶቹ ከውጭ ገቡ፣ አድማሴም ከሶፋው ተነሣ። ሰገነት ጓዳው በር ላይ ሆና ነገረቻቸው። ኩላሊቷ ደህና ነው፣ ሁለቱም። የታከመችው ድዷን ነው። እጥበት ያለችው ለዳይሬክተሩ ብላ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እጥበትም አይደለም፣ ሕክምና ነው፤ እጥበት ላይ ላዩን ነው፣ ይህ ግን ከድድ በታች እየገቡ መፋቅ ነው፤ ካልተፋቀ አራት ጥርሷ አይተርፍም። እስቲ ይዩት ብላ ከንፈሯን ገለጠች። ማንም ጠጋ ብሎ አላየም።

"ጥርስ ነው እንዴ?" አሉ ወይዘሮ ዘመናይ። ዓይናቸው ከአግዳሚው ወደ ሸራው ፎቶ፣ ከሸራው ፎቶ ወደ ሰገነት ተመላለሰ፤ እንደተጭበረበረ ሰው ነው የሚያዩዋት። "እኛ እኮ የሰው ሕይወት መስሎን ነው" ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። እግዚአብሔር ይመስገን ለማለት ትንሽ ዘገዩ፤ ሲሉትም ከአንገት በላይ ነበር። አንድ በአንድ ወጡ፤ ወንበሮቹን የሚመልሰው ማን እንደሆነ በር ላይ ሲነታረኩ ተሰማ። እትዬ ሙሉዬ ኮረጆውን ምድጃው ዳር አስቀመጡ።

አድማሴ ፊቱ ቀልቷል። ደስታ የሚባለው ነገር መጀመሪያ መጥቶበት ነበር፤ ትከሻው ዝቅ ሲል፣ እጁ ሳያስበው ጎኑን ዳበስ ሲያደርግ አይታዋለች። ከደስታው ኋላ ግን ቁጣው ደረሰ። "መቼ ነው አፍሽ የተፈታው?" አላት። ሰገነት አልዋሸችውም፤ ቆየት ብሏል አለችው። "ቆየት ብሏል! እኔ እዚህ ተቀምጬ ስቃጠል፣ ልቤ ሊቆም፣ አንዷን ኩላሊቴን በሐሳቤ ሳስቆርጥ፣ አንቺ እያየሽ ዝም! አንድ ቃል መተንፈስ አቅቶሽ! ወንድምሽ አይደለሁም? እውነቱን ማወቅ አይገባኝም? ምን ብትንቂኝ ነው የምትደብቂኝ?" ባርኔጣውን አነሣ፣ በሩን ከፈተ፤ ከአስፋልቱ ወገን የመጨረሻዎቹ ሚኒባሶች ረዳቶች አማኑኤል፣ አምበር እያሉ ሲጣሩ ይሰማል። "ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ? ለምን?"

ሰገነት የሞቀውን ውኃ ይዛ ቆማለች። መንጋጋዋ ይጠዘጥዛል። ስድስት ዓመት የቋጠረችው ንግግር ነበራት፤ ረዥም፣ በየሌሊቱ ስታሳምረው የኖረችው። ከዚያ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ወጣ።

"አራስ መስለኸኝ ነዋ" አለችው።

እትዬ ሙሉዬ ምድጃው ዳር ቁጭ አሉ። ለነገሩ ያኔ ገንፎውን ያበሏት እሳቸው ነበሩ። አድማሴ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቆመ፤ ከንፈሩ ድምፅ ሳያወጣ ሲንቀሳቀስ ታየ፣ ሒሳብ የሚሠራ ይመስላል። ውጭ ረዳቱ አምበር፣ አምበር፣ አንድ ሰው፣ እያለ ሦስቴ ጠራ፤ ሚኒባሷ ክላክሷን ነፋችና ሄደች። ሰገነት ፊቷን አዞረች፣ ጨዉን ከኮረጆው በጣቷ ዘግና ውኃው ውስጥ በተነችው።

"ሰማንያ ቀን" አለ አድማሴ ከኋላዋ። ድምፁ ሰልሏል። "እኔ ይህችን ግማሽ ቀን አልቻልኳትም። ሰማንያ ቀን ብዙ ነው፣ እታለም። አጥፍቻለሁ።" በሩን መልሶ ዘጋውና ገብቶ ተቀመጠ።